እጅ ይቆጠር! ለ«ይታረቁ» ባዮች የተሰጠ መልስ

በዚህ ቡለቲን ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ አሜሪካ መንግሥት መዘጋት የጻፈውን ሐተታ አነበብን። ጽሑፉ ደግ ነው። ደግነቱ ግን እንቅልፍ ያመጣል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ዲሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች ተኳርፈዋል፤ በነሱ ኩርፊያ የአገሩ ሥራ ቆሟል፤ እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ቅን ቅኑ ሰው ተመርጦ መሐል ላይ ይገናኝና ችግሩን በጋራ ይፍታ። ባጭሩ ሽማግሌ ይላክ ነው የሚለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውንም ተረት ጨምሮልናል። ተረቱን እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ግን ድሩ አብሮ የሚያስረው አንበሳውን ነው ወይስ በጉን? ወንድማችን ይህን አልጠየቀም።

ይህን መልስ የምንጽፈው አምስት ነን፤ ሦስታችን ከታሪክ፣ ሁለታችን ከሥነ ጽሑፍ ክፍል። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች «ማሳችን ገቡብን» ብለው እንዳይቆጡ አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ለመሆኑ የአሜሪካኖች ጠብ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ነው ያገባን። ከመካከላችን የአንዷ አክስት ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሕንፃ ካፌ ሳህን ሲያጥቡና ሳንድዊች ሲጠቀልሉ ዓመታት ያሳለፉ ሴት ናቸው። የሚቀጥራቸው መንግሥት አይደለም፤ ለመንግሥት ምግብ የሚያቀርብ ኮንትራክተር ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2019 በወጣ ሕግ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት የቀረበት ደመወዝ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። የኮንትራክተር ሠራተኛ ግን ያለፈው አለፈ ነው። በ2025 ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ድረስ መንግሥቱ ለ43 ቀን ሲዘጋ ሕንፃው ተዘጋ፤ ሕንፃው ሲዘጋ ካፌው ተዘጋ፤ ካፌው ሲዘጋ እዚህ ለአሮጊት እናታቸው መድኃኒት በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ ቆመ። አንድ ማታ ዶርም ውስጥ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን ሁላችንም ሰማናቸው። «እትዬ፣ ጥፋቱ የማን ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀች የኛዋ። «እናንተ ልጆች ትምህርት ላይ ናችሁ፣ ጥፋተኛውን እናንተ ፈልጉት» አሉ። «እኔ እንደሆንሁ የምለው አንድ ነው፤ ገብተው ድምፅ ይስጡና ይለይላቸው።»

ወንድማችን ይህን የመሰለ እሮሮ ሰምቶ «ይታረቁ» አለ። እኛ ያንኑ ሰምተን «እጅ ይቆጠር» እንላለን። ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። እርቅ ማለት ሁለቱ ወገኖች እስኪስማሙ መጠበቅ ነው። ቆጠራ ማለት ግን የሚስማማውም የማይስማማውም በተቀመጠበት ጉዳዩ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። የዋሽንግተን በሽታ ሰዎቹ አለመስማማታቸው አይደለም፤ ሰው ይለያያል፣ ለዚያ ነው ምክር ቤት የሚያስፈልገው። በሽታው፣ የሚበዙት የተስማሙበት ጉዳይ እንኳ ድምፅ እንዳይሰጥበት የሚያግዱ በሮች መብዛታቸው ነው። ክርክራችን ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ማስረጃ ነው።

በመጀመሪያ «ስምምነት በራሱ መልካም ነው» የሚለውን እምነት እንፈትሸው። አንድ ወቅት እንውሰድ፤ የ1964ን ክረምት። (ለነሱ በጋቸው ነው።) የዜጎች መብት ሕግ ረቂቅ ከተወካዮች ምክር ቤት በ290 ለ130 የወጣው በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ነበር። እዚያም ቢሆን በቀላሉ አልወጣም። የትኛው ጉዳይ መቼ ለክርክር እንደሚቀርብ የሚወስነው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሐዋርድ ስሚዝ፣ የቨርጂኒያ ዲሞክራት፣ በረቂቁ ላይ ተቀምጠውበት ነበር። ያስነሣቸው የሽማግሌ ምክር አይደለም፤ አባላቱ ረቂቁን ከኮሚቴው እጅ ለማስለቀቅ ፊርማ ማሰባሰብ መጀመራቸው ነው። ወደ ሴኔት ሲሻገር ደግሞ የደቡብ ዲሞክራቶች በሪቻርድ ራስል መሪነት ረቂቁን በንግግር ብዛት ሊቀብሩት ተሰለፉ። ፊሊበስተር የሚባለው ይህ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ሮበርት በርድ ብቻቸውን ከ14 ሰዓት በላይ ተናገሩ። ጁን 10 ቀን ግን «ክርክሩ ይዘጋ» ተብሎ 71 ለ29 ተወሰነ። ከ71ዱ 27ቱ ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ መሪያቸው ኤቨረት ደርክሰን ባያሰልፏቸው ኖሮ ዲሞክራቶቹ ብቻቸውን አይበቁም ነበር። ጁላይ 2 ቀን ፕሬዚዳንት ጆንሰን ፈረሙ። ይኸውላችሁ የሁለት ፓርቲ ትብብር! ወንድማችን ያጨብጭብ፤ እኛም እናጨበጭባለን።

ጭብጨባው ሳይበርድ፣ አንድ ወር አለፍ ሲል፣ ኦገስት 7 ቀን፣ እነዚያው ሰዎች እዚያው አዳራሽ ተቀምጠው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ የተባለውን አሳለፉ። በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0። በሴኔት 88 ለ2። ምነው ሸዋ! ከዚህ የበለጠ እርቅ ከየት ይመጣል? ለፕሬዚዳንቱ የቬትናምን ጦርነት በር የከፈተላቸው ወረቀት ያ ነው። ኦገስት 4 ቀን ደረሰ የተባለው ሁለተኛው ጥቃት አለመድረሱ ኋላ ታወቀ። ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያን፣ በሚሊዮን የሚገመቱ ደግሞ የኢንዶቻይና ሰዎች አለቁ። «አይሆንም» ያሉት ሁለቱ ሰዎች የኦሪገኑ ዌይን ሞርስና የአላስካው ኧርነስት ግሩኒንግ ነበሩ፤ ሁለቱም የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አባላት። በ1968 ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። ውሳኔውን ምክር ቤቱ ራሱ በ1971 ሻረው። እንግዲህ ወንድማችን ይፍረድ፤ 88ቱን ቅኖች፣ ሁለቱን ጠበኞች እንበላቸው?

አንድ ምክር ቤት፣ አንድ ክረምት፣ ሁለት ስምምነት። በመጀመሪያው ጉዳዩ ለወራት ተበጥሮ፣ ተቃዋሚው እስኪደክመው ተናግሮ፣ ከዚያ እጅ ተቆጠረ። ሁለተኛው በሦስት ቀን ውስጥ ቀርቦ አለቀ። ስለዚህ ክርክር ይጠር ባዮች አይደለንም። የምንጠላው ማብቂያ የሌለውን ክርክር ነው።

ፊሊበስተርን ለማያውቅ አንባቢ እንዲህ እናስረዳለን። በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ አባል ይነሣና «እኔ ተናግሬ እስክጨርስ ድንኳኑ አይተከልም፣ መጨረሻዬም አይታወቅም» ይላል እንበል። ሟቹ ቤት ውስጥ ነው። ዳኛው ያስቆመዋል፤ ባያስቆመው እናቶች ያስቆሙታል። በአሜሪካ ሴኔት ግን ይህ ሰው መብት አለው። በዛሬው ጊዜማ መናገርም አያስፈልገው፤ እንደሚቃወም ካስታወቀ ይበቃዋል፣ ክርክሩን ለመዝጋት ከ100 ሴናተሮች 60 እጅ ካልተገኘ ጉዳዩ እዚያው ይተኛል። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የተጻፈ ነገር አይደለም። ሴኔቱ በ1806 ደንቡን ሲያስተካክል ክርክር የሚያስዘጋውን አንቀጽ ስላወጣው በተፈጠረ ቀዳዳ የገባ ልማድ ነው። እስከ 1917 ድረስ ክርክር የሚዘጋበት ሥርዓት ጨርሶ አልነበረም፤ 60 የሚለው ቍጥርም የመጣው በ1975 ነው።

«አናሳውን ይጠብቃል» ይሉናል። ይህ መከራከሪያ የዋዛ አይደለም፤ ዛሬ የበዛው ነገ ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን ለአናሳው ሁለት ምክር ቤት አለ፣ የፕሬዚዳንት ውድቅ የማድረግ መብት አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ሴኔቱ ራሱ 39 ሚሊዮን ሰው ለሚኖርባት ካሊፎርኒያም፣ 600 ሺህ ለማይሞላባት ዋዮሚንግም እኩል ሁለት ሁለት ወንበር የሚሰጥ ቤት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ልማድ በታሪክ የጠበቀው የትኛውን አናሳ ነው? ጥቁሮችን በመንጋ እየጎተቱ መስቀልን የሚከለክል ረቂቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በ1900 ነው፤ ያቀረቡት በዚያን ጊዜ በምክር ቤቱ ብቸኛው ጥቁር የነበሩት ጆርጅ ሄንሪ ዋይት ናቸው። በ1922 ተመሳሳይ ረቂቅ የተወካዮችን ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ውስጥ በፊሊበስተር ሞተ። ሕግ ሆኖ የተፈረመው በማርች 2022 ነው። ከ1900 እስከ 2022! በዚህ መካከል የተሰቀሉት አናሳ አልነበሩም? የተጠበቁት ሰቃዮቹ ናቸው።

እርግጥ የ1964 ዓይነት ትብብር ዛሬ ለምን እንደማይገኝ ወንድማችን ቢጠይቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። ምክንያቱ ጠባይ መበላሸት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ፓርቲዎቹ ድብልቅ ነበሩ፤ ለዘብተኛ ሪፐብሊካን በሰሜን፣ ዘረኛ ዲሞክራት በደቡብ ነበረ፤ ሰው ፓርቲውን ሳይለቅ ከማዶ ካለው ጋር መሰለፍ ይችላል። ከመብት ሕጉ በኋላ በነበሩት አሥርታት ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። በዚያ ላይ የምርጫ ክልሉን ካርታ የሚሥለው በብዙ ስቴቶች በሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ነው። ጄሪማንደሪንግ ይሉታል። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ሆኖ «ለፓርቲ ጥቅም የተሣለ ካርታ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት አይገባም» አለ። ከዚያማ ምን ከለከላቸው? በ2025 ቴክሳስ አምስት ወንበር ለሪፐብሊካኖች ለመጨመር አስባ ካርታዋን በአሥር ዓመቱ አጋማሽ እንደገና ሣለች፤ ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በሕዝብ ድምፅ አጸፋውን መለሰች። በእንዲህ ያለ ክልል የተመረጠ ሰው ኖቬምበርን አይፈራም። የሚፈራው በፓርቲው ውስጥ የሚደረገውን ማጣሪያ ነው። ለዚህ ሰው «እባክህ ከማዶው ጋር ተስማማ» ብሎ መለመን ዓሣን ከውኃ ውጣ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። በ2013 አራት ዲሞክራትና አራት ሪፐብሊካን ሴናተሮች፣ ከነሱም ውስጥ ሹመር፣ ደርበን፣ ማኬይንና ሩቢዮ አሉ፣ አንድ ላይ ተቀምጠው ሰፊ የስደተኞች ሕግ አረቀቁ። ወረቀት የሌላቸውን ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ረጅም መንገድ አስኪዶ ወደ ዜግነት የሚያደርስ፣ በድንበርም ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያፈስ ነበር። ጁን 27 ቀን ሴኔቱ 68 ለ32 አሳለፈው፤ 14 ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል። ወንድማችን የሚመኘው ሁሉ ተሟልቷል፤ ቅን ሰዎች፣ የጋራ ጠረጴዛ፣ ሰጥቶ መቀበል፣ 60ውንም ያለፈ ድምፅ። ከዚያስ? ከዚያ አፈ ጉባኤው ጆን ቤይነር፣ ከገዛ ፓርቲያቸው የሚበዙት ካልደገፉት በቀር አላቀርበውም አሉ። ልብ አድርጉ፤ ከምክር ቤቱ የሚበዙት አይደለም፣ ከፓርቲያቸው የሚበዙት! ረቂቁ ተሸንፎ አይደለም የሞተው፤ ሳይቆጠር ነው የሞተው። እስከ ዛሬ ድረስ በተወካዮች ምክር ቤት ስንት ሰው ይደግፈው እንደነበረ በእጅ ተቆጥሮ አያውቅም። በሚከተለው ዓመት የቤይነር ምክትል የነበሩት ኤሪክ ካንተር በፓርቲ ማጣሪያ ተሸንፈው ሲወድቁ፣ የስደተኞቹ ጉዳይ አንዱ መክሰሻቸው ነበር። የቀረው ሁሉ ትምህርቱን ቀሰመ።

በሩን የከፈተ ደግሞ ምን እንደሚያገኘው በ2023 አየን። አፈ ጉባኤ ኬቪን ማካርቲ ሴፕቴምበር 30 ቀን መንግሥት እንዳይዘጋ የሚያደርግ ጊዜያዊ በጀት አቀረቡ፤ 335 ለ91 አለፈ፤ ከደጋፊዎቹ የሚበዙት ዲሞክራቶች ነበሩ። ኦክቶበር 3 ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ ማካርቲ 216 ለ210 ከወንበራቸው ተነሡ። በአገሩ ታሪክ እንዲህ የተነሣ አፈ ጉባኤ አልነበረም። ያነሷቸው ስምንት የፓርቲያቸው ሰዎችና ዲሞክራቶቹ በአንድነት ናቸው። ይህም የሁለት ፓርቲ ስምምነት ነው እንግዲህ! (ስንጽፈው ራሳችንን ስቀናል።)

መሐል ላይ ቆመናል ለሚሉት ቡድኖች ግን ፍርደ ገምድል አንሁን። በ2017 የተቋቋመው ፕሮብሌም ሶልቨርስ ኮከስ ከሁለቱም ፓርቲ እኩል ቁጥር ያላቸው አባላት ያሉት ስብስብ ነው። በ2020 መጨረሻ ለኮቪድ የወጣው ወደ 900 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እርዳታ ሲደራደሩበት ድርሻ ነበረው፤ በ2021 የመንገድና የድልድይ ሕጉ ሲወጣም እንዲሁ። ያ ሕግ በሴኔት 69 ለ30፣ በምክር ቤቱ 228 ለ206 ያለፈ ነው፤ 13 ሪፐብሊካኖች ድምፅ ሰጥተውበት ከመካከላቸው የግድያ ዛቻ የደረሳቸው አሉ። ለድልድይ! እነዚህን ሰዎች አድርባይ ማለት ነውር ነው። በ2010 የተመሠረተው ኖ ሌብልስ የተባለው ድርጅት ግን ሌላ ነው። «ምልክት የለንም» ብሎ ተነሥቶ፣ ገንዘቡን የሚሰጡት እነማን እንደሆኑ ሳይገልጽ፣ በ2024 የአንድነት ፕሬዚዳንት አቀርባለሁ ሲል ቆይቶ፣ ኤፕሪል ላይ «ሰው አጣሁ» ብሎ ተወው። ሰው ያጣው በዕድል ማነስ አይደለም። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ግብር ምን ታስባለህ ሲባል «መሐሉን አስባለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ማን ይከተለዋል?

በኛ ዩኒቨርሲቲዎች ያለፈ አንድ ትውልድ ለዚህ ዓይነቱ ሰው «መሐል ሰፋሪ» የሚል ስድብ ነበረው። ስድቡን በወንድማችን ላይ አንወረውርም። በዚያን ጊዜ እንደ ድንጋይ ሲወረወር የነበረው ቃል ኋላ ምን እንዳስከተለ እናውቃለን፤ እርስ በርሱ እጅ መቍጠር ያልተስማማው ትውልድ ጥይት ነው የቆጠረው። ብቻ ከዚያ ፍርሃት ተነሥተን «አለመለያየት ይሻላል» ወደሚል ከሄድን ስሕተቱን በሌላ በኩል መድገማችን ነው።

በሌላ ጥግ ደግሞ «ኤዲያ! ሁለቱም የአንድ እባብ ሁለት ራስ ናቸው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ለነሱ መልሳችን አጭር ነው። ይህን በዚያ አገር በሕክምና መድን የሚኖር የስኳር በሽተኛ ፊት ሄደው ይበሉትና ይምጡ።

የ43ቱ ቀን መዘጋት መነሻው ይኸው የሕክምና መድን ነበር። መድን ለሚገዙ ሰዎች መንግሥት የሚጨምረው ተጨማሪ ድጎማ በ2025 መጨረሻ የሚያልቅ ስለነበረ ዲሞክራቶቹ «ካልተራዘመ በጀቱን አናሳልፍም» አሉ። እዚህ ላይ ፊሊበስተሩን የተጠቀሙት የኛ አንዳንዶች የምንወዳቸው እነሱ መሆናቸውን ሳንደብቅ እንናገራለን። በዚያ መካከል ወደ 42 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚረዳበት የምግብ ድጎማ በኖቬምበር ተስተጓጎለ፤ አውሮፕላን የሚመሩት ሰዎች ያለ ደመወዝ ሠሩ። ከ1980 በፊት እኮ በጀት ቢዘገይም መሥሪያ ቤት አይዘጋም ነበር፤ በዚያ ዓመት የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ የአሮጌውን ሕግ ትርጉም አጥብቀው ስለጻፉ ነው መዝጋት የተጀመረው። ማለትም ሰው ያመጣው ነገር ነው፣ ሰው ሊያስቀረው ይችላል። በመጨረሻ ከዲሞክራቶቹ ወገን ስምንት ሴናተሮች ተሻግረው 60 ለ40 ሆነና መንግሥቱ ተከፈተ። በልዋጩ ያገኙት ድጎማው ላይ በዲሴምበር ድምፅ እንዲሰጥ የሚል ቃል ነበር። የፓርቲው ምልክት አህያ መሆኑን ያስታወሰ አንዱ ጓደኛችን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብሎ ተረተ። ዲሴምበር 11 ቀን ድምፁ ተሰጠ፤ 51 ደገፉ፣ 48 ተቃወሙ። የተሸነፉት 51ዱ ናቸው! እስቲ ይህን ሒሳብ ለእትዬ ያስረዳቸው።

ከሳምንት በኋላ የሆነውን ግን ወንድማችን አልጠቀሰም፤ ለኛ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ማስለቀቂያ ፊርማ የሚባል አሮጌ መሣሪያ አለ፤ ያው ሐዋርድ ስሚዝን ያስነሣው። 218 አባላት ከፈረሙ አፈ ጉባኤው ባይወድም ጉዳዩ ይቀርባል። በ2025 ኖቬምበር የኤፕስታይን ሰነዶች ይገለጡ የሚለው ረቂቅ በዚህ መንገድ ወጥቶ 427 ለ1 አለፈ። ሳይቆጠር ሲቀር ሁሉም የሚቃወመው ይመስል የነበረ ጉዳይ፣ ሲቆጠር ተቃዋሚው አንድ ሆኖ ተገኘ። በዲሴምበር ደግሞ አራት ሪፐብሊካኖች ከዲሞክራቶቹ ጋር ፈርመው የመድን ድጎማው 218 ሞላለት፤ ከአራቱ አንዱ ብራያን ፊትዝፓትሪክ የዚያው የፕሮብሌም ሶልቨርስ መሪ ናቸው። ጃንዋሪ 2026 ላይ ምክር ቤቱ 230 ለ196 አሳለፈው። በሴኔት ያለው አጥር እንዳለ ነው፣ ስለዚህ እልልታ አናቀልጥም። ነገር ግን ሰዎቹ ስላልታረቁ የቀረ ነገር አልነበረም። ፊርማው ሲሞላ ወዳጅነት አላስፈለገም።

እንግዲህ የሚያሳምመው ላይ ደረስን። በዚያ በ2013 ረቂቅ ውስጥ ለ11 ሚሊዮኑ ሰዎች በር ሲከፈት የሚዘጋ አንድ በር ነበር። ዲቪ። የዕጣው ቪዛ እንዲቀር ስምንቱ ሰዎች ተስማምተውበታል። ጠረጴዛው ላይ ለዲቪ የቆመ አልነበረም፤ ዕጣ የሚሞላ ሰው ሴናተር የለውም። ዲቪ ራሱ የመጣው በ1990 በወጣ ሕግ ነው፤ ዲሞክራቶች በሚበዙበት ምክር ቤት አልፎ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙት፣ መጀመሪያ ሲታሰብም ለአይሪሾች ታስቦ የነበረ። ለአይሪሽ የተቀደደ በር ለኛ ሰው መግቢያ ሆነ። ወንድማችን «ስምምነት ነው ያመጣው» ቢለን እውነቱን ነው። ስምምነት ሊወስደውም ነበር። ሳይቆጠር ስለቀረ ተረፈ። ግን መትረፉም ዕድሜ አልሰጠውም፤ በ2025 ዲሴምበር በፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ፕሮግራሙ እንዲገታ መመሪያ መሰጠቱን ባለሥልጣናቸው አስታወቁ። ምክር ቤቱ የማይቆጥርበት አገር በትእዛዝ ይተዳደራል፤ ኦባማም በ2012 በልጅነታቸው ለገቡት ስደተኞች ከለላ የሰጡት በሕግ ሳይሆን በመመሪያ ነው። በመመሪያ የመጣ በመመሪያ ይሄዳል።

ታዲያ በ2013 እጅ ይቆጠር ኖሯል ወይ? ይህን ጥያቄ ለራሳችን አቅርበን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተከራከርን። ከአምስታችን የሦስታችን ዘመድ በዲቪ የሄደ ነው። የእትዬም መሄጃ እሱ ነበር፤ የሄዱት በ2015 ነው፤ ረቂቁ አልፎ ቢሆን ኖሮ ካፌውም፣ ለእናታቸው የሚላከው መድኃኒትም፣ ምናልባት የእህታቸው ልጅ እዚህ ተቀምጣ መማሯም አይኖርም ነበር። አንዱ «ለኛ የሚጠቅመን በር ተዘግቶ መቅረቱ ከሆነ በሩ ይዘጋ፣ ምን አስጨነቀን?» አለ። ሌላዋ «በተዘጋ በር የተረፈው ዲቪ ነው፤ 11 ሚሊዮኑስ? ከነሱ መካከል የኛ ሰው የለም?» ብላ መለሰች። እትዬን ደውለን እንጠይቅ ያለም ነበር፤ ሰዓቱ አልተመቸም፣ ደግሞም አፈርን።

በመጨረሻ እጅ አወጣን። «አዎ፣ ይቆጠር ነበር» የሚለው 3 ለ2 አለፈ። የእትዬ የእህት ልጅ ከሦስቱ ናት። ሁለቱ ጓደኞቻችን ይህን የመጨረሻ አንቀጽ አልፈረሙም፤ ለሚቀጥለው እትም የተቃውሞ ጽሑፋቸውን እያዘጋጁ ነው።